ሽማግሌዎቹ የሚጠይቁት የተሳሳተ ጥያቄ ነው

በንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ከሳሪስ እስከ ጀሞ፣ ሠርግ ሲቃረብ ከአዳራሽና ከቬሎ ኪራይ ጋር አብሮ የሚታሰብ ነገር አለ፤ የኤች አይ ቪ ምርመራ ወረቀት። ብዙ ቤተ እምነቶች ያለ እሱ አያጋቡም። ሐሳቡ ክፉ አይደለም፤ ሁለቱም አውቀው ይግቡ ነው። ክፋቱ ወረቀቱ ላይ «ፖዘቲቭ» የሚል ቃል ሲገኝ ነገሩ እዚያው ማለቁ ነው። ሽማግሌው ይመለሳል፣ ቀለበቱ ይመለሳል፣ ወሬው ግን ሰፈሩን ይዞራል። «መድኃኒት ጀምረሻል? የቫይረሱ መጠን ስንት ነው?» ብሎ ልጅቷን የሚጠይቃት የለም።

መጠየቅ የነበረበት ግን ይኸው ነው። መድኃኒቱን በየቀኑ የሚወስድና ቫይረሱ በደም ምርመራ ከማይታይበት ደረጃ የደረሰ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ቫይረሱን አያስተላልፍም። «እምብዛም» አይደለም፣ «ምናልባት» አይደለም። አያስተላልፍም!

እ.ኤ.አ. በ2016 ይፋ የሆነው ፓርትነር የተባለው የአውሮፓ ጥናት 888 ጥንዶችን ተከታትሏል። አንደኛው ቫይረሱ አለበት፣ መድኃኒት ይወስዳል፤ ሌላኛው የለበትም። ያለ ኮንዶም 58,000 ጊዜ ያህል ተገናኝተዋል። ከጓደኛው የተያዘ ሰው ዜሮ ነው። እርግጥ በጥናቱ ወቅት 11 ሰዎች ተይዘዋል፤ የቫይረሱ ዘር ሲመረመር ግን የመጣው ከዚያ «ከሚፈራው» ጓደኛ ሳይሆን ከሌላ ሰው ሆኖ ተገኘ። ሽማግሌዎቹ ይህችን ቁጥር ደጋግመው ቢያነቧት ጥሩ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2023 ይህንኑ በግልጽ አስቀምጧል።

ኔጌቲቭ ወረቀቱስ ምን ያህል ዋስትና ነው? ከሁለት ሳምንት በፊት የተያዘ ሰው በፈጣን ምርመራ ነፃ ሊባል ይችላል። በዚያው ሰሞን ደግሞ ቫይረሱ በደሙ ውስጥ እጅግ ይበዛል። እሱ ይዳራል፤ ለዓመታት ክኒኗን ሳታጓድል የወሰደችው ትባረራለች።

«ይህ በአደባባይ ከተነገረ ሰው ይዘናጋል» የሚሉ ባለሙያዎች አሉ። ሰው ይበልጥ የሚዘናጋው ግን ፖዘቲቭ መባል የትዳር መጨረሻ መስሎት ምርመራውን ሲሸሽ ነው። ቅድመ ሁኔታዎቹም አይደበቁ፤ ክኒኑ ከተቋረጠ ቫይረሱ በሳምንታት ውስጥ ይመለሳል፣ የመጠን ምርመራው ቀጠሮ አይዘለልም፣ ለሌሎች የአባላዘር በሽታዎች ኮንዶም ያስፈልጋል። ጡት ማጥባትና መርፌም የራሳቸው ሂሳብ አላቸው። ይህን ለመረዳት ዶክተር መሆን አይጠይቅም።

የሃይማኖት አባቶች ቃል ደግሞ ከፖስተር በላይ ይሰማል። መድኃኒቱ በ1997 ዓ.ም. በነፃ መሰጠት ሲጀምር ብዙዎች ለፀበል ሲሉ ይተዉት ነበር። በ1999 ዓ.ም. አቡነ ጳውሎስ ፀበሉና መድኃኒቱ አይጋጩም፣ አብራችሁ ውሰዱ ብለው በአደባባይ ተናገሩ። እንግዲህ ያኔ የተቻለው ዛሬ ለምን ያቅታል?

የሚፈለገው ትንሽ ነገር ነው። ፖዘቲቭ የሚል ወረቀት ሲመጣ ሠርጉን አታፍርሱ፤ ቀኑን አራዝሙ። መድኃኒቱን በአግባቡ የሚወስድ አብዛኛው ሰው በስድስት ወር ውስጥ ከማይታይበት ደረጃ ይደርሳል። ከዚያ ጥንዶቹ ፈቅደው አብረው ወደ ጤና ጣቢያው ይሂዱ፣ ነርሷም ውጤቱን ለሁለቱ ታስረዳቸው። ውሳኔው የእነሱ እንጂ የሽማግሌ አይደለም።