ክትትሉስ መጣ፣ ድጋፉስ?



ነርሶች ሥራቸውን ለምን ይለቃሉ ሲባል የመጀመሪያው መልስ ደመወዝ ነው። መልሱ ትክክል ነው። በግንቦት 2017 ዓ.ም. በበርካታ ክልሎች ያሉ የጤና ባለሙያዎችን ሥራ እስከ ማቆም ያደረሳቸው የክፍያና የኑሮ ጥያቄ ነበር። ግን በአንድ ሆስፒታል፣ በአንድ የደመወዝ እርከን፣ ጎን ለጎን ካሉ ሁለት ዋርዶች አንዱ ሰው ሲለቅበት ሌላው ነርሶቹን ይዞ ይቆያል። ይህን ደመወዝ አያስረዳውም። አታችመንት የወጣን ሁሉ እንደምናውቀው፣ ብዙ ጊዜ ልዩነቱ የፈረቃ ፕሮግራሙን የምታወጣዋ ሄድ ነርስ ናት።

ጉዳዩ ሩቅ አይደለም። ከአሥር ዓመት ገደማ በፊት በዚሁ በጎንደር ሪፈራል ሆስፒታል ባለሙያዎች ላይ የተሠራ ጥናት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የመልቀቅ ሐሳብ እንዳላቸው አሳይቷል። በምሥራቅ ጎጃም ነርሶች ላይ የተሠራውም እንዲሁ ከግማሽ በላይ አግኝቷል።

«ደጋፊ አለቃ» ስንል ፈገግታ የሚመስለው ሰው አለ። አይደለም። ሌሊት ተረኛ ሆና በመርፌ የተወጋችን ነርስ እናስብ። የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒቱን በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለባት፤ በፈጠነች ቁጥር ይሻላል። የአለቃዋ የመጀመሪያ ቃል «ለምን አልተጠነቀቅሽም?» እንደሚሆን ካወቀች ትደብቃለች። «መድኃኒቱን ጀመርሽ? ዋርዱን እኔ እይዝልሻለሁ» የምትላት ከሆነች ግን ያንኑ ሌሊት ትናገራለች። ከዚያች አለቃ ዘንድ ለቆ ለመሄድ ሰው ሁለት ጊዜ ያስባል።

ሌላው የበዓል ነገር ነው። በጎንደር ጥምቀት ሲደርስ ከተማው ይሞላል፤ ሙስሊም ነርሶች ተረኝነቱን ይይዛሉ፣ በዒድ ደግሞ ክርስቲያን ባልደረቦቻቸው ይተኩላቸዋል። ደስ የሚል ልማድ ነው። ሆኖም በግል ልመና ሲሆንና አስቀድሞ በፕሮግራም ሲያዝ አንድ አይደለም። በረመዳን መግሪብ ሲደርስ አሥር ደቂቃ ለማግኘት በየቀኑ የምትለምን እህት፣ ወሩ ሳያልቅ የዝውውር ማመልከቻ ብትጽፍ አይገርመኝም።

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሮበርት አይዘንበርገርና ባልደረቦቹ በ2002 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ሠራተኞች የቅርብ አለቃቸውን ድጋፍ የመሥሪያ ቤቱ ድጋፍ አድርገው እንደሚያዩት፣ በዚህም የመልቀቃቸው ነገር እንደሚቀንስ አሳይተዋል። ጥናቱ በችርቻሮ ሱቅ ሠራተኞች ላይ ጭምር የተሠራ ነው፤ እኔን የያዘኝ ግን ሌላ ግኝቱ ነው። ድጋፉ ይበልጥ የሚሠራው አለቃው በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ የሚሰማና የሚከበር ሲሆን ነው። የእኛ ሄድ ነርሶች ስንቶቹ ይሰማሉ? ጓንት አለቀ ብላ ሦስት ቀን የምትጽፍ፣ የነርሶቿን የዱቲ ክፍያ ማስፈጸም የማትችል ኃላፊ «አይዞሽ» ከማለት ሌላ ምን አላት?

ሩፈይዳ አል-አስለሚያን እናስታውስ። ቁስለኞችን ታክም የነበረው በመዲና መስጂድ በነበረው ድንኳኗ ነው፤ በኸንደቅ የቆሰለው ሰዕድ ኢብኑ ሙዓዝም ወደ እሷ ድንኳን እንዲወሰድ ያዘዙት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ናቸው። ቦታ ተሰጣት፣ ሰውም ታመነላት።

ወደ ደጋው ስንወጣ ነገሩ ይከብዳል። ለቲቲፒ ዳባት የወጣችሁ ታውቁታላችሁ። ጃናሞራ ወይም በየዳ ጤና ጣቢያ የተመደበች ጀማሪ ነርስ ከጣቢያው ኃላፊ ሌላ የምታማክረው ሰው ላይኖራት ይችላል፤ መንገድ ሲዘጋ ደግሞ ከወረዳም የሚመጣ የለም። ሲመጣም ቼክሊስት ይዞ ነው። በሪፖርታችን «ድጋፍና ክትትል» እያልን አንድ ላይ እንጽፋለን፤ የሚደርሰው ግን ክትትሉ ብቻ ነው። ምዝገባው ተሞልቷል ወይ፣ ግድግዳው ላይ ግራፉ ተለጥፏል ወይ ይባላል። ሌሊት ደም የሚፈሳትን ወላድ ብቻዋን እንዴት እንደያዘች የሚጠይቃት የለም።

ደጋፊ አለቃ ስላለ የደመወዙ ጥያቄ ይቅር የሚል ካለ አልስማማም፤ ጥሩ ሄድ ነርስ የቤት ኪራይ አትከፍልም። ግን ኃላፊነት በአገልግሎት ዘመን ብቻ ለምን ይሰጣል? የተሾመችውስ ሰው መምራትን የት ተማረች? ከእኛ መካከል ዘንድሮ የሚመረቁት በጥቂት ዓመት ውስጥ ራሳቸው ፕሮግራም አውጪ ናቸው። ኢንሻአላህ ማኅበራችን ለተመራቂዎች በሚያዘጋጀው መርሐ ግብር ላይ ዋርድ የመሩ አንድ ሁለት ነባር ነርሶች ቢጋበዙ ደስ ይለኛል።

ሆስፒታሎች ደግሞ ወጪ የሌለው ነገር ከዛሬ ጀምሮ ማድረግ ይችላሉ፦ መልቀቂያ ያስገባችን ነርስ ምክንያቷን ይጠይቋት፤ የሚጠይቃት ሰው ግን ያ የሸሸችው አለቃ አይሁን።