«ዶሮአችን እንቁላል አስወገደች»



ባለፈው የማስተማር ልምምድ ወደ ይፋት ቆላ ከወረድነው ዕጩ መምህራን አንዱ፣ በአማርኛ ክፍለ ጊዜ «አስወገደ ማለት ጣለ ማለት ነው» ብሎ ሰሌዳ ላይ ጻፈ። ልጆቹም ገለበጡ። ዓረፍተ ነገር ሥሩ ሲባሉ አንዲት ተማሪ ብድግ ብላ «ዶሮአችን እንቁላል አስወገደች» አለች። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ከኋላ ተቀምጠን የምንከታተል እኛም ሳቅን። ልጅቷ ግን ከዚያ ወዲያ እጇን አላወጣችም።

ማታ ስንነጋገርበት ሳቁ ወደ ኀፍረት ተለወጠብን። ምን አጠፋች? ዶሮ እንቁላል ትጥላለች፤ ጣለ ደግሞ አስወገደ ነው ተብላለች። የሰጠናትን ነው የመለሰችልን። ጥፋቱ የኛ ነው።

«ጣለ» እኮ ብዙ ቦታ የሚገባ ቃል ነው። ዝናብ ይጥላል፤ ዕቁብ፣ ዕጣ፣ ድንኳን ይጣላል። በነዚህ ሁሉ «አስወገደ» አይገባም። «አስወገደ» የማይፈለገውን ነገር አስቦ ማራቅ ነው።

ስለዚህ ምሳሌው ልጁ ከሚያየው ይነሣ። ከደብረ ሲና ወደ ሸዋ ሮቢት በሚወርደው አውራ ጎዳና ዳር ለሚኖር ልጅ፣ «ተሳፋሪው ባዶ የውኃ ፕላስቲክ በመስኮት ወረወረ፤ የመንደሩ ሰዎች ሰብስበው አስወገዱት» ብንለው ልዩነቱ ወዲያው ይገባዋል። ነገ አድጎ በ1999 ዓ.ም. የወጣውን የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ቢያገኝም ሳይደናገር ያነበዋል።

በይፋት ደግሞ አርጎብኛ፣ አፋርኛ ወይም ኦሮምኛ እየተናገረ ያደገ ልጅ አለ። ለሱ «ጣለ» ራሱ አዲስ ሊሆን ይችላል። ፍቺውን ብቻ ጽፎ ማለፍ ያልታወቀን ባልታወቀ መፍታት ነው።

አንዳንድ ጓደኞቻችን «ይህ ሁሉ በ40 ደቂቃ እንዴት ይዳረሳል?» ይሉናል። እውነት ነው፣ ጊዜው ጠባብ ነው። ግን ስድስት ቃል አስገልብጦ ከመውጣት ሁለት ቃል አናግሮ መውጣት ይሻላል። ለየቃሉ ሦስት ዓረፍተ ነገር እንስጥ፤ አንዱ ከቤት፣ አንዱ ከመንገድ ወይም ከገበያ፣ አንዱ ደግሞ ቃሉ የማይገባበት። ይህ ሦስተኛው እንዳይረሳ! ያቺ ልጅ ያጣችው እሱን ነው።

ልጅ ሲሳሳት ከመሳቃችን በፊት ሰሌዳው ላይ የጻፍነውን ዞር ብለን እንየው። የሚቃወመን ካለ በዚሁ ግድግዳ ላይ ይመልስልን።