«ሁሉም አለው»

ሳሪስ አቦ ከሚገኙት ኮፒ ቤቶች አንዱ ጋ ቆም ብትሉ፣ ነጭ ጋወኑን በክንዱ ያንጠለጠለ ተማሪ ከቴሌግራም ያወረደውን ፒዲኤፍ ሲያሳትም ማየት ብርቅ አይደለም። መምህሩን «ለምን ቴሌግራም?» ብትሉት «ሁሉም አለው» ይላችኋል። ሁሉም ሰው ያለው ነገር ማስተማሪያ ይሆናል ያለው ማን ነው?

በእርግጥ ያለ ምክንያት አልተወደደም። እስከ 2 ጊጋባይት የሚደርስ ፋይል ይሸከማል፤ ስልክ ቢሰረቅ ፋይሉ አይጠፋም፤ አንድ ግሩፕ 200,000 ሰው ይይዛል። ለማከፋፈያ ግሩም ነው። ችግሩ ማከፋፈሉ ማስተማር ተብሎ መጠራቱ ላይ ነው። ስላይዱ ይለቀቃል፣ አውራ ጣት ይደረግበታል፣ ኮርሱም ተሰጠ ይባላል።

በሕክምና ትምህርት ጉዳቱ ይከፋል። ኢትዮጵያ የኤችአይቪ ሕክምና መመሪያዋን በ2018 እ.ኤ.አ. ስትከልስ፣ ለአዋቂዎች የመጀመሪያ ምርጫ የነበረው ኤፋቪረንዝ ለዶሉቴግራቪር ቦታውን ለቀቀ። አሮጌውን ፒዲኤፍስ ማን ይሰበስበዋል? ከቻናል ቻናል ፎርዋርድ የተደረገ ፋይል ባለቤት የለውም፤ «ይህ ተሽሯል» የሚል ማስታወቂያም አይከተለውም። ተማሪው ሲፈልግ ቀድሞ የመጣለትን ያነባል፣ ያንኑ ይዞ ዎርድ ይገባል።

የዎርድ ግሩፖችማ ባይነሱ ይሻላል። «ኬዙ አስተማሪ ነው» ተብሎ የበሽተኛ ኤክስሬይ ከነካርድ ቁጥሩ ሲለጠፍ ፈቃዱን የጠየቀ የለም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ የቴሌግራም ግሩፕ መልእክት ደግሞ ከጫፍ እስከ ጫፍ አይመሰጠርም።

«ሌላ ምን አለን?» ለሚሉ፣ የካቲት 2015 ዓ.ም.ን ያስታውሱ። ቴሌግራም፣ ፌስቡክ፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ ለአምስት ወር ገደማ ተገደቡ፤ የመጀመሪያው አገር አቀፍ የመውጫ ፈተና ደግሞ ሐምሌ 2015 ላይ ነበር። ማስታወሻው ሁሉ ቴሌግራም ላይ የተከማቸበት ክፍል ለፈተና በሚዘጋጅበት ሰዓት ቪፒኤን ፍለጋ ገባ።

አማራጭም አለ። ሂናሪ የተባለው ፕሮግራም ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንደ እኛ ላሉ አገሮች ተቋማት የሕክምና መጽሔቶችን በነፃ ወይም በትንሽ ክፍያ ይከፍታል። ሙድል የተባለው የማስተማሪያ ሶፍትዌርም ለፈቃዱ ገንዘብ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ሥራ ነው፦ መምህሩ ትምህርቱን በሳምንት በሳምንት ከፋፍሎ፣ ቀን ጽፎ፣ ጥያቄ አዘጋጅቶ፣ የተሳሳተውን አርሞ መልሶ ማስቀመጥ አለበት። የሚሸሸውም ይህ ይመስለኛል፤ የዳታ ውድነት ከዚያ በኋላ የሚመጣ ምክንያት ነው።

ቴሌግራም ይቅር አላልኩም። «ፈተናው ወደ ሐሙስ ተዛውሯል» ለማለት የሚተካከለው የለም። የመድኃኒት መጠን ያለበት ሰነድ ግን ኮሌጁ በሚያስተዳድረው አንድ ገጽ ላይ፣ የታተመበት ዓመትና ኃላፊው ተጽፎ ይቀመጥ፤ ግሩፑ ላይ የሚለቀቀው ሊንኩ ብቻ ይሁን።