የቤተ ሰብ ምክር፤ ለአባት የሚገዛ የኤሌክትሪክ ብስክሌት

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች አንዱ ከቆቦ የተላከ ነው። ጸሐፊው ብዙ ዘመን በመምህርነት አገልግለው ጡረታ የወጡ የ66 ዓመት አባት ናቸው። አዲስ አበባ የሚኖሩት ልጆቻቸው ገንዘብ አዋጥተው በኤሌክትሪክ የሚሄድ ብስክሌት ሊገዙላቸው ተነሥተዋል፤ ዳሩ ግን አልተስማሙም። ታላቅየው በፍጥነት ከሞተር ብስክሌት የማያንሰውን ትልቁን ይመርጣል፤ ታናሺቱ ደግሞ «አባባ ይወድቃሉ፥ ምንም እንዳይገዛላቸው» ብላ ቆርጣለች። አባት ግን እንዲህ ሲሉ ጽፈውልናል፤ «ለቅሶ ለመድረስ የሰው መኪና እየጠበቅሁ፥ ከከተማው 7 ኪሎ ሜትር የሚርቀውን እርሻዬን ለማየት የጎረቤት ልጅ እየለመንሁ መኖር ሰለቸኝ። ለዕድሜዬ የሚስማማውን፥ ልጆቼንም ዕዳ ውስጥ የማይከተውን ንገሩኝ።» በደብዳቤው ግርጌ ደግሞ እንደ ዋዛ አድርገው፥ ቀኝ ጉልበታቸው እንደ ድሮው እንደማይታጠፍ ጠቅሰዋል። ለእኛ ከደብዳቤው ሁሉ ይልቅ የጠቀመችን ይህች የግርጌ ቃል ናት።

አገሩ ለዚህ ነገር የተመቸ መሆኑን አስቀድመን እንናገር። ቆቦ ከባሕር ወለል በላይ 1,470 ሜትር ገደማ ላይ ያለች የቆላ ከተማ ናት፤ በምዕራብ የግዳን ደጋ፥ በምሥራቅ የዞብል ተራራ ቢከቧትም፥ ማሽላውና ጤፉ የሚዘራበት መካከለኛው ሜዳ ለጥ ያለ ነው። በደሴ ዳገት ላይ ጉልበተኛ ሞተርና ትልቅ ባትሪ ያስፈልጋል፤ በራያ ሜዳ ግን ትንሹ ይበቃል። ስለዚህ ለዳገት የሚከፈለው ገንዘብ ለእኒህ አባት ቀሪ ነው። ወልድያ ግን 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፥ ከቆቦም በብዙ ከፍ ብላ ስለምትገኝ፥ ወደዚያ ለመሄድ አውቶቡሱ ይሻላል።

የቆላው ፈተና ሌላ ነው፤ ሙቀቱ፥ አሸዋው፥ የግራሩ እሾህና የመብራቱ መጥፋት ነው። ከመጨረሻው እንጀምር። በገበያ ላይ በአንድ ስም ከሚጠሩት መካከል በእውነት ሁለት ዓይነት አለ። አንደኛው በእግር የሚዘወር፥ ሞተሩም ዘዋሪውን የሚያግዝ ብስክሌት ነው። ሁለተኛው ፔዳል ቢኖረው እንኳ ለይስሙላ የተሰካበት፥ እጅግ ከባድ፥ ባትሪው ሲያልቅ የሚገፋ እንጂ የማይነዳ ሞተር ነው። በጦርነቱ ምክንያት በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. የሰሜን ወሎ ከተሞች ለወራት ያለ መብራት መቆየታቸውን የቆቦ ሰው ከእኛ ይልቅ ያውቃል። የዓባይ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. መመረቁ ለአገር ታላቅ ነገር ነው፤ ነገር ግን በሰፈር ምሰሶ ላይ ያለው ሽቦ በነፋስ ሲበጠስ የግድቡ ትልቅነት ለዚያ ሌሊት አይደርስም። እንግዲህ ባትሪው ባዶ በሆነበት ቀን ቀስ እያሉ በእግር ዘውረውት ቤትዎ የሚገቡበትን ይምረጡ። የታላቁ ልጅ ምርጫ በዚህ ይወድቃል።

አሁን ወደ ጉልበትዎ እንመለስ። ወንዶች የሚይዙት ብስክሌት መካከሉ ላይ ከፍ ያለ ብረት ስላለው፥ እግርን ወደ ኋላ አሽቀንጥሮ መሻገር ይጠይቃል። በሆላንድ አገር ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች የኤሌክትሪክ ብስክሌት በብዛት ይነዳሉ፤ በዚያ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት ከእነርሱ ጥቂት የማይባሉት የሚወድቁት በፍጥነት ሲሄዱ ሳይሆን ሲወጡና ሲወርዱ ነው። ስለዚህ መካከሉ ዝቅ ያለውን፥ በተለምዶ «የሴት ብስክሌት» የሚባለውን ይግዙ። ስሙን ሰምተው ቅር እንደሚልዎ እናውቃለን፤ ይህን ጽሑፍ ያነበበ አንድ ባልንጀራችንም «ሽማግሌ በሴት ብስክሌት!» ብሎ ስቆብናል። ይሁን እንጂ የተሰበረ የዳሌ አጥንት በሽምግልና ዕድሜ ቶሎ አይጠገንም፤ ብዙ ሰው ከዚያ በኋላ ያለ ከዘራ አይሄድም። ኮርቻው ላይ ተቀምጠው ሁለቱም የእግርዎ መዳፎች መሬት መንካት አለባቸው። ለጋቢዎ ጫፍ ደግሞ የኋላው ጎማና ሰንሰለቱ መከለያ ያላቸው መሆኑን ይመልከቱ።

ከሞተሩ የምንፈልገው ጠባይ ነው እንጂ ጉልበት አይደለም። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ሞተሩ ከ250 ዋት የማይበልጥ፥ ፍጥነቱም በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ሲደርስ እገዛውን የሚያቋርጥ ብስክሌት እንደ ተራ ብስክሌት ይቆጠራል፤ ለእርስዎም ይህ ልክ ይበቃዎታል። ርካሾቹ ፔዳሉ መዞሩን ብቻ ስለሚያውቁ፥ ገና ሲነኩት ዘለው ይነሣሉ። ሻሻል ያሉት የእግርን ግፊት መዝነው በዚያው ልክ ያግዛሉ፤ ዋጋቸው ግን ከፍ ይላል። አቅም ካልፈቀደ ርካሹን በትንሹ እገዛ ላይ አድርገው ይለማመዱት። የማንደራደርበት አንድ ነገር ቢኖር ፍሬኑ ነው፤ የፍሬኑ እጀታ ሲያዝ ሞተሩ ወዲያው መቋረጥ ይኖርበታል። ይህን ከመግዛትዎ በፊት ይሞክሩት።

ዋጋውን በብር አንጽፍም። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ስለተደረገ፥ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ዋጋ ተለዋውጧል፤ ዛሬ የምንጽፈው መጽሔቱ እጅዎ ሳይገባ ሊያረጅ ይችላል። በዚህ ፈንታ የስሌቱን መንገድ እንነግርዎታለን። የብስክሌቱ እውነተኛ ዋጋ በሱቁ የተጻፈው ሳይሆን፥ በእርሱ ላይ የሁለተኛው ባትሪ ዋጋ ሲደመርበት ነው፤ ምክንያቱም ባትሪ ያልቃል።

ባትሪውም ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው እንደ መኪና ባትሪ በእርሳስና በአሲድ የተሠራው ሲሆን ሲገዙት ይረክሳል። ነገር ግን 48 ቮልትና 12 አምፔር ሰዓት የሆነው 16 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ 300 ጊዜ ያህል ተሞልቶ ሲወርድም ይደክማል። በየሁለት ቀኑ ቢሞሉት ሁለት ዓመት አይሞላም ማለት ነው። ሁለተኛው የሊቲየም ባትሪ ነው፤ በዚያው መጠን ከ3 እስከ 4 ኪሎ ይመዝናል፥ ከ500 እስከ 1,000 ጊዜም ይሞላል። በርካሹ የተደሰተ ሰው ብዙ ጊዜ ሳይቆይ ሁለተኛ ይገዛል። ከዚህም በላይ፥ 16 ኪሎ እየተሸከሙ ወደ ቤት ማስገባት ለእርስዎ ጉልበት የሚሆን አይደለም።

ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚወስድ የሻጩን ቃል ብቻ አይቀበሉ፤ መምህር ነዎትና ራስዎ ያስሉት። ቮልቱን በአምፔር ሰዓቱ ያባዙ። 36 ቮልትና 10 አምፔር ሰዓት 360 ዋት ሰዓት ይሆናል። በሜዳ ላይ ለአንድ ኪሎ ሜትር 15 ዋት ሰዓት ቢመድቡ 24 ኪሎ ሜትር ያገኛሉ። እርሻዎ ደርሶ መልስ 14 ኪሎ ሜትር ስለሆነ 210 ይበላል። ባትሪው አርጅቶ ከአሥሩ ሰባቱ እጅ ብቻ ቢቀረው እንኳ 252 ስለሚይዝ ቤትዎ ያገባዎታል። ከዚህ የሚበልጥ ባትሪ ለመግዛት ልጆችዎ መበደር አይገባቸውም። አንድ ጊዜ ለመሙላት የሚበላው መብራትም ከግማሽ ኪሎ ዋት ሰዓት አይበልጥም።

ባትሪው በቆላ እንዳይታመም እንዲህ ያድርጉ። ከግንቦት እስከ ሰኔ ባለው ሐሩር በፀሐይ ላይ አያቁሙት፤ ዛፍ ሥር ያቁሙት ወይም ባትሪውን ነቅለው ከጥላ ያስገቡት። ሊቲየም ሙቀቱ ከ45 ዲግሪ በላይ ሆኖ ሳለ መሞላት የለበትም፤ ስለዚህ ከመንገድ እንደገቡ አይሰኩት፥ አንድ ሰዓት ያህል ይረፍ። ከራሱ ቻርጀር በቀር በሌላ አይሙሉት። ከመኝታ ክፍልና ከሣር ክዳን ርቆ፥ ሰው ነቅቶ ባለበት ሰዓት ይሞላ፤ ሊቲየም እሳት ከያዘ ማጥፋቱ እጅግ ያስቸግራልና።

ስለ አሸዋውና ስለ እሾሁ ሰፋ ያለ ጎማ ይመረጥ፤ ቀጭኑ በአሸዋ ላይ ይንሸራተታል። ጎማውና ከመነዳሪው በቆቦ የሚገኝ ልክ መሆኑን አስቀድመው ጎሚስታውን ይጠይቁት። ብርቅ የሆነ ልክ ያለው ብስክሌት በመጀመሪያው እሾህ ግድግዳ ተደግፎ ይቀራል። ሆርማትና ጎሊና በክረምት ጎርፍ ይዘው ሲወርዱ ደግሞ በብስክሌት ወደ ውኃ አይገባም፤ ጎርፉ ከሞተሩ አስቀድሞ ነጂውን ይወስዳል።

ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት ዓይንዎን ይመርመሩ። የዓይን ሞራ በአገራችን የመታወር ዋነኛ ምክንያት ነው፤ ቀስ ብሎ ስለሚመጣ ባለቤቱ ራሱ ሳያውቀው ይቆያል፥ በቀዶ ሕክምና ግን ይወገዳል። ኪዳን ለማድረስ በጨለማ የሚወጡ ከሆነ የፊትና የኋላ መብራት ያስፈልግዎታል። በጾም ቀናት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይቀምሱ የሚውሉ ከሆነ፥ ወደ እርሻ የሚሄዱት በጠዋቱ ቅዝቃዜ ይሁን። ሰሌዳና መንጃ ፈቃድ ይጠየቅ እንደሆነ የወረዳውን የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት አስቀድመው ይጠይቁ።

ልጆችዎ ፎቶግራፍ አይተው ከአዲስ አበባ ገዝተው እንዳይልኩ አጥብቀው ይንገሩልን። መጀመሪያ እርስዎ ይቀመጡበት፥ አሥር ጊዜ ይውጡ፥ አሥር ጊዜ ይውረዱ፤ ሻጩ ይህን ካልፈቀደ ሌላ ሻጭ ዘንድ ይሂዱ። ከዚያም አንድ ሳምንት ሙሉ ሞተሩን ሳያስነሡ በሜዳ ላይ ይለማመዱ። የራስ ቁርም ይግዙ። የታናሺቱ ልጅ ፍርሃት ከንቱ አይደለም፤ የሚያስፈልገው መልስ ግን መከልከል ሳይሆን ይህ ልምምድ ነው። በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የሚወጡ ከሆነ ደግሞ ባጃጁ ይረክሳልና ገንዘቡ ለሌላ ይዋል፤ ከደብዳቤዎ እንደተረዳነው ግን እርስዎ በየቀኑ መንገደኛ ነዎት።

ባለቤትዎ «እኔስ ከኋላ እቀመጣለሁን?» ብለው መጠየቃቸውን ጽፈውልናል። የዚህ ዓይነት ትንሽ ብስክሌት የተሠራው ለአንድ ሰውና ለጥቂት ዕቃ ነው፤ የሁለት ሰው ክብደት ፍሬኑን ያደክማል፥ ሚዛንንም ያሳጣል። እርሳቸው ለጊዜው በባጃጅ ይሂዱ፤ እርስዎ ደግሞ ቀድመው ደርሰው ይጠብቋቸው።