አደይ አበባ ዘር ሳትይዝ አትነቀል

በገርጂ ጊዮርጊስ አካባቢ፣ ገና ቤት ባልተሠራበት ባዶ ቦታ ዳርና በአጥር ሥር፣ የነሐሴው ዝናብ ማባራት ሲጀምር ማንም ሳይዘራት በቅላ የምታብበውን አደይ አበባ፣ ከዓውደ ዓመት ጌጥነት ያለፈ ነገር እንደሌላት አድርገን ስለምናያት፣ የፈጣሪ ጥበብ በእርሷ ላይ ምን ያህል እንደ ተራቀቀ ሳናስተውል ዘመኑ ይለወጣል።

አንድ አበባ ብለን የምንቀጥፈው በእውነቱ የብዙ አበቦች ማኅበር ነው። በዙሪያው የተሰለፉት፣ አብዛኛውን ጊዜ 8 ያህል የሚሆኑት ቢጫ ልሳኖች፣ እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ አበቦች ሲሆኑ ዘር ግን አያፈሩም፤ አገልግሎታቸው ንብን ከሩቅ መጥራት ነው። ዘር የማፍራት ጸጋ የተሰጠው መካከሉን ለሞሉት ደቃቃን ነው፤ በጥፍሩ ፈልቅቆ የተመለከተ ሰው፣ እያንዳንዱ ጫፉ በአምስት የተከፈለ ረቂቅ ቧንቧ ሆኖ፣ ከዳር ወደ መካከል በተራ በተራ እንደሚከፈት ያያል።

የሥነ ዕፅ ሊቃውንት ቢደንስ ማክሮፕቴራ ይሏታል፤ የሰሜን ምሥራቅ አፍሪካን የቢደንስ ወገን በጥልቅ መርምረው በ1984 እ.ኤ.አ. ጥናታቸውን ያሳተሙት ኢትዮጵያዊው ሊቅ መስፍን ታደሰ ናቸው። ኑግና ሱፍ፣ ብዙዎች ከእርሷ ጋር የሚያሳስቱት መጭም ሳይቀር፣ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው፤ በልብስ ላይ የሚጣበቀው ጨጎጊት ደግሞ የቅርብ ዘመዷ ነው።

ይህን ሁሉ ማንሣቴ አደይ የአንድ ዓመት ዕፅ ስለሆነች ነው። በጋው ሲጠና እርሷም ሥሯም ይደርቃሉና፣ የከርሞው ተስፋ በሙሉ ያለው በጠፍጣፋው፣ ክንፍ መሰል ጠርዝ ባለው ዘሯ ውስጥ ነው። እኛ ግን ለዘመን መለወጫና ለደመራ ዘሩ ሳይበስል ከነሥሯ እንነቅላታለን፤ የተረፈችውንም ግቢ እናጸዳለን ብለን እናጭዳታለን፤ በኮብልስቶንና በሲሚንቶ ያልተሸፈነው መሬት ከዓመት ዓመት በሚጠብበት በገርጂ ይህ ቀላል ጥፋት አይደለም። ልጃገረዶች ለአበባየሁሽ አይቅጠፉ አልልም፤ ቀንበጡን ቆርጠው ግንዱን ይተዉላት እንጂ።

ቤተ ክርስቲያናችን ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለውን ወራት ዘመነ ጽጌ ብላ ለይታዋለች። ባዶ ቦታ የያዙ ባለይዞታዎችም ሆኑ የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን አስተዳዳሪዎች፣ ቢያንስ ይህ ወራት ሳይፈጸም ማጭድ እንዳያነሡ፣ ከዚያም ጠቁሮ የደረቀውን ራስ በእጃቸው አሽተው ዘሩን በአጥር ሥር ባለው ለስላሳ አፈር ላይ እንዲበትኑት እለምናለሁ።