ከመስቀል በኋላ የሚጓዙት ልጆች

ከአርባ ምንጭ ከተማ ተነሥቶ ወደ ሰሜን 37 ኪሎ ሜትር ያህል ሽቅብ የተጓዘ ሰው፣ የአባያን ሐይቅና የሙዙን እርሻ ወደ ታች ትቶ ብርዳማዋን ጨንቻን ያገኛል። በዚህ ደጋ ወንዱ ሸማኔ ሴቷ ፈታይ መሆኗ ከጥንት የመጣ ልማድ ነው። በአዲስ አበባ በሽሮ ሜዳና በሌላም ስፍራ የሚሸምኑት የጋሞ ሰዎች በያመቱ ለመስቀል ወደ አገራቸው ይመለሳሉ፤ በሬው ይታረዳል፣ ቅቤው ይቀልጣል። እኛ ግን ዛሬ ልናነሣ የወደድነው በዓሉ ካለፈ በኋላ የሚሆነውን ነው።

ሸማኔው ወደ አዲስ አበባ ሲመለስ አንዳንድ ጊዜ ብቻውን አይመለስም። የዘመድ ወይም የጎረቤት ልጅ «ትምህርት ቤት አስገባዋለሁ፣ ሙያም አስተምረዋለሁ» ብሎ ይዞ ይሄዳል። በመካከል ገብቶ የሚያገናኝ ደላላም አይጠፋም። መሬቱ አንሶ ልጆቹ የበዙበት አባት ይህን ሰምቶ ደስ ቢለው አንፈርድበትም። ልጁ በመጀመሪያ ቀሰም ያጠነጥናል፤ ጥቂት ሲቆይ እግሩን ከጉድጓዱ ከትቶ መወርወሪያ ይይዛል። ገና ያልጠና ጀርባው ከንጋት እስከ ምሽት ጎብጦ፣ ዓይኑ በደብዛዛ ብርሃን ጥለት እየቆጠረ፣ የጥጥ ብናኝ እየሳበ ይውላል። የታመመ እንደ ሆነ እናቱ በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቃለች። ትምህርት ቤቱማ ሁልጊዜ «ለከርሞ» ነው።

«ሽመና የአባቶች ሙያ ነው፤ ከልጅነት ካልለመዱት እጅ አይፈታም» የሚሉን አሉ። ሙያውን የምንንቅ አይደለንም፤ ሸማኔን ሲንቅ የኖረው ሰው ራሱ በሸማኔው እጅ ሥራ አጊጦ ነበር በዓል የሚያከብረው። ነገር ግን ከትምህርት ቤት መልስ ከአባቱ አጠገብ ተቀምጦ የሚለማመድ ልጅና በሰው ቤት ያለ ደመወዝ ሲሸምን የሚያመሽ ልጅ አንድ አይደሉም።

ሕግ የለም እንዳይባል፣ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ዕድሜው ከ15 ዓመት በታች የሆነን ልጅ መቅጠር ይከለክላል፤ 18 ዓመት ላልሞላውም የቀኑ ሥራ ከ7 ሰዓት እንዳያልፍ ወስኗል። ዳሩ ግን የሸማኔው የሥራ ቦታ መኖሪያ ቤቱም ስለ ሆነ፣ ተቆጣጣሪ እንዳሻው የሚገባበት አይደለም። ቢገባም «የወንድሜ ልጅ ነው» ይባላል፤ አንዳንድ ጊዜም እውነት ነው።

ስለዚህ ነገሩ ከሽሮ ሜዳ ይልቅ ከጨንቻ ቢጀመር ይሻላል እንላለን። በመስከረም 2011 ዓ.ም. ወገኖቻቸው በቡራዩ በተገደሉ ጊዜ፣ ለበቀል የተነሣሡትን የአርባ ምንጭ ወጣቶች የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው፣ ተንበርክከው እንደ መለሷቸው አገር ያውቃል። ያን ቁጣ ያበረደ ሣር፣ ልጅ ይዞ የሚሄደውን ዘመድ ለጥቂት ጊዜ አቁሞ ለመጠየቅ አያንስም። በመስቀል ሰሞን ሁሉም በአገሩ ሳለ፣ ሽማግሌዎቹ በዱቡሻ፣ ማለት በሕዝቡ መሰብሰቢያ አደባባይ፣ ማን የማንን ልጅ እንደሚወስድ፣ ዕድሜው ስንት እንደ ሆነ፣ የትኛው ትምህርት ቤት እንደሚገባ በሕዝብ ፊት ይጠይቁ። ቀበሌውም ስሙን ይመዝግብ። ወሳጁ ለሚመጣው መስቀል ልጁን ይዞ እንዲመጣ ይማል። ያን ጊዜ ልጁ ሳይመጣ የቀረ እንደ ሆነ፣ አባትየው ማንን እንደሚጠይቅ ያውቃል።