መዘምራኑ ወደ እርሻቸው የሄዱት ለምንድን ነው?

ዛሬ የምጽፈው አንዳንዶቻችሁን ሊያስከፋ ይችላል፤ ከሁላችሁ በፊት ግን የከሰሰው እኔኑ ነው።

አንድ ወንድም አለ። ስሙንም አጥቢያውንም አልጠራም። ከሃያ ዓመት በላይ የልጆችንና የወጣቶችን መዘምራን አሰልጥኗል። በእንጅባራ ብርድ፣ የክረምቱ ጭቃ ጉልበት እስኪደርስ ድረስ፣ ማክሰኞና ሐሙስ ማታ አንድም ቀን ቀርቶ አያውቅም። ዛሬ በየከተማው መድረክ ላይ የምታዩአቸው አንዳንድ ልጆች ድምፅ ማውጣት የተማሩት ከእርሱ ነው። ባለፈው መስከረም የኪቦርዱን ቁልፍ ለአንድ ወጣት አስረክቦ ወደ ፋግታ ለኮማ ሄደ፤ ዲከረንስ ቆርጦ ከሰል ሊያከስል። ሲሰናበተኝ፣ “ፓስተር፣ ልጆቼ ትምህርት ሊጀምሩ ነው፤ ደብተር መግዣ የለኝም” አለኝ። ሌላ ቃል አልጨመረም።

ከዓመታት በፊት ይህ ወንድም ለሽማግሌዎች ጉባኤ የወር ድጋፍ ጠይቆ ነበር። ያኔ አፌን ሞልቼ ማቴዎስ 10፥8ን ጠቀስኩበት፤ በነጻ የተቀበልከውን በነጻ ስጥ ብዬ። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ጉዳዩም ተዘጋ። ያፈርኩት በኋላ ነው፤ ሁለት ቁጥር ዝቅ ብዬ ቁጥር 10ን ሳነብ። ጌታ በዚያው ንግግሩ ለሠራተኛ ምግቡ እንደሚገባው ይናገራል። የነገረ መለኮት ኮሌጅ ተመርቄ፣ ዐውድን ጠብቃችሁ አንብቡ እያልኩ ሌሎችን እያስተማርኩ፣ ጥቅሱን ለራሴ በሚመቸኝ ቦታ ቆረጥኩት። የወር ደሞዜን ግን በነጻ የተቀበልከው ብሎ ያስቀረብኝ የለም።

ነህምያ ምዕራፍ 13ን ክፈቱ። ነህምያ ወደ ኢየሩሳሌም ሲመለስ ሌዋውያኑና መዘምራኑ የሉም፤ እያንዳንዱ ወደ እርሻው ሄዷል። ለምን? ድርሻቸው ስላልተሰጣቸው። ነህምያ ታዲያ ማንን ተቆጣ? መዘምራኑን “ቅንዓታችሁ ቀዘቀዘ” አላላቸውም። የተከራከረው ከሹማምንቱ ጋር ነው። እኛ ተገልብጠናል፤ ዘማሪው ሲቀር “ዓለም ወሰደው” ብለን ጸሎት እንይዝለታለን፤ የበጀት መዝገባችንን ግን አንከፍትም።

ዳዊት ያደራጀው አገልግሎት የትርፍ ጊዜ ሥራ አልነበረም። በ1ኛ ዜና 25 የተማሩት መዘምራን 288 ናቸው፤ መምህሩም ተማሪውም አብረው ተቆጥረዋል። ምዕራፍ 9፥33 ደግሞ ቀንም ሌሊትም በሥራቸው ላይ ስለነበሩ ከሌላ ሥራ ነጻ እንደነበሩ ይናገራል። ዝማሬ ዕድሜ ልክ የሚሠራ ሥራ ነበር፤ ሰው ይማረዋል፣ ያረጅበታል፣ ለልጁ ያወርሰዋል።

ጎረቤቶቻችንን እንይ። በአስተምህሮ የምንለያይበት ብዙ ነገር አለ፤ ይህን ግን በሐቀኝነት መናገር ይገባኛል። ጎጃም ዋሸራን የመሰለ የቅኔ ቤት ያለው አገር ነው። ድጓ ሊያስመሰክር የሚፈልግ ደግሞ ጋይንት ቤተልሔም ድረስ ይሄዳል፤ ዓመታት ይፈጅበታል። ሲመለስ መሪጌታ ይባላል፤ ሽማግሌ ሲሆን ክብሩ ይጨምራል። የእኛ ዘማሪ ግን ሠላሳ አምስት ዓመት ሲሞላው “ለወጣቶች ቦታ ልቀቅ” ይባላል። በዘኍልቍ 8 ሌዋዊው ከከባዱ ሥራ የሚያርፈው በሃምሳ ዓመቱ ነው፤ ያኔም አይባረርም፣ ወንድሞቹን ያግዛል። (እኔም ሃምሳን ስላለፍኩ ይህን ክፍል በተለይ እወደዋለሁ።)

“የጥንቶቹ በነጻ አልዘመሩም ወይ?” የሚለኝ አይጠፋም። ጋሽ ተስፋዬ ጋቢሶ በደርግ ዘመን ሰባት ዓመት ያህል ታስረዋል፤ መዝሙራቸው ግን ከካሴት ወደ ካሴት እየተገለበጠ ሀገር አዳረሰ። እውነት ነው። ነገር ግን ያሰራቸው መንግሥት ነበር። አሳዳጅ ያደረገውን ቤተ ክርስቲያን እንደ ደንብ ልትይዘው ይገባል? የሰማዕታትን መከራ ለንፉግነታችን መሸፈኛ ማድረግ ድፍረት ይመስለኛል።

ችግሩ የእኛ ብቻም አይደለም። ዮሐን ሰባስትያን ባህ በላይፕሲሽ ከተማ ከ1723 እስከ 1750 እ.ኤ.አ. አገልግሏል። በ1730 ለከተማው ምክር ቤት በጻፈው ማመልከቻ፣ ተማሪዎች በፊት የሚያገኟት ትንሽ ድጎማ ስለቀረች በዝማሬው ማገልገል እንደተዉ አመልክቷል። ነህምያ 13 በጀርመን ምድር ማለት ነው።

“ገንዘብ የለንም” እንላለን። ለኮንፍረንስ ግን አለን። ከአዲስ አበባ ለሚመጣ ዘማሪ ትራንስፖርት፣ ሆቴልና የፍቅር ስጦታ በሦስት ቀን እናሟላለን፤ ሲሄድ ፎቶው ይቀረናል። እንግዳን ማክበር ጥፋት አይደለም። ግን ያ እንግዳ ማክሰኞ ማታ ልጆቻችንን አያሰለጥንም። በአውኚ የሚጸልዩ እናቶቻችን በቋንቋቸው የሚዘምሩት መዝሙር የሚያወጣላቸውም እርሱ አይደለም። ለዚያ ተቀምጦ ዓመታት የሚያዳምጥ ሰው ያስፈልጋል፤ እኛም ያንን ሰው ከሰል አስከሰልነው።

የአጥቢያችን የበጀት ስብሰባ ሐምሌ ላይ ነው። የዝማሬ አገልጋይ የወር ደሞዝ በአጀንዳ እንዲያዝ በጽሑፍ አስገብቻለሁ። ጉባኤው የሚበቃ ገቢ የለም ካለ፣ ከእኔ ደሞዝ ሲሶው እንዲነሳ ጠይቄያለሁ፤ ባለቤቴም ተስማምታለች። ፋግታ ለኮማ ሄጄ ወንድሜን ይቅርታ የምጠይቀው ግን ሐምሌን ጠብቄ አይደለም፤ በሚመጣው ቅዳሜ ነው።